ዓሣው ከየት ነው?

ወንድሜ ቶሌራ በሞተ በስድስተኛው ቀን፣ ምርቃቱን ልናከብር አሶሳ ከተማ ውስጥ ዓሣ ቤት ስናማርጥ ዋልን። እናቴ መሞቱን አታውቅም። እኔም አላውቅም። አጎቴ ጋሽ ሂርጳና ሚስቱ እትዬ ብርሃን ያውቃሉ። ከተማው ራሱ ያውቅ ነበር። ዓሣ አምሮን በየበሩ የምንቆመው እኔና እናቴ ብቻ ነበርን።

ሰኔ ሰማንያ ሰባት ነው፤ ዘጠኝ ዓመቴ። የምንኖረው ከዳቡስ ወንዝ ወዲያ ማዶ፣ በመንዲ በኩል ባለች መንደር ነው። ቶሌራ አሶሳ መምህራን ማሠልጠኛ ገብቶ ሊጨርስ ተቃርቧል። ግንቦት ላይ የላከው ደብዳቤ እናቴ መቀነት ውስጥ እንደተቋጠረ ነበር። እሷ ማንበብ አትችልም፤ አንባቢዋ እኔ ነኝ። «ስመረቅ ሁለታችሁንም አስመጥቼ ዓሣ አበላችኋለሁ። ጾም ነው እንዳትይኝ እማ፣ በሰኔ ጾም ዓሣ ይፈቀዳል» ይላል። ይቺን ቦታ ስንት ጊዜ እንዳስነበበችኝ እኔ ነኝ የማውቀው። ባነበብኩላት ቁጥር «አዬ ቄሱ! ደግሞ ጾም ፈቃጅ ሆነ!» ብላ ትስቃለች።

እንዲህ ስንጠብቅ፣ አንድ ማክሰኞ ማታ ጋሽ ሂርጳ ከአሶሳ ድንገት መጣ። የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው። ጫማው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጭቃ ነው።

«ምነው ሳትልክብኝ?» አለችው።

«ምርቃቱ ተቃረበ እታለም። እንድወስዳችሁ ቶሌራ ልኮኝ ነው።»

«ድምፅህን ምን ነካው?»

«ጉንፋን ነው።»

ጉንፋኑን አመንነው። ሌሊቱን ሙሉ ውጭ ቆሞ ሲያስል ሰማሁት። ዛሬ አርባ ሊሞላኝ ነው፤ ወንድ ልጅ ማልቀሱን እንዳይሰሙበት እንዲያ እንደሚያስል ያወቅሁት ብዙ ቆይቼ ነው።

በእኛ ዘንድ መርዶ እንዲሁ አይነገርም። ሰው በባዶ ሆዱ መርዶ አይረዳም። ይበላል፣ ይተኛል፣ ከዚያ ጎህ ሲቀድ ዘመድ ተሰብስቦ ይነግረዋል። አንዴ ከሰማ እህል አይወርድለትምና በሆዱ ያለው ነው የሚያቆመው። ይኼ ሕግ በእናቴ ላይ አንድ ጊዜ ፈርሷል። አባቴ ለውትድርና ሄዶ የሞተ ጊዜ፣ አንድ አፈ ቀላል ሰው ገበያ መሀል አገኛትና «አይ ማናለብሽ፣ ባልሽን ምድር ይቅለለው» አላት። ዓርብ ነበር፣ ጾማ ነበር፣ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። እዚያው ወደቀች። ሆዷ ያለውም ወረደ። አሥራ አንድ ቀን ከንፈሯን በውሃ እያራሰ ያቆያት ጋሽ ሂርጳ ነው። ያኔ «ሁለተኛ ይቺ ሴት ሳትበላ መርዶ አትሰማም፤ እኔ በሕይወት እያለሁ» ብሎ ማለ።

ሊያበላት ነበር የመጣው። እኔ ግን ሊያስመርቀን የመጣ መስሎኝ አዲስ ቀሚሴን ለበስኩ።

በማግስቱ አውቶብስ ላይ ጋሽ ሂርጳ «በዚህ በግራ ተቀመጡ፣ በቀኝ ፀሐይ አለ» አለን። ፀሐይ አልነበረም፤ ሰማዩ ጠቁሮ ያንጠባጥባል። መስኮቱ ጋ እሱ ተቀመጠና መጋረጃውን ሳበው። እኔ መንገድ ማየት ነበር የፈለግሁት። ዳቡስ ድልድይ ላይ አውቶብሱ ቀስ ሲል በጉልበቱ ላይ ወጥቼ መጋረጃውን ገለጥኩት።

ወንዙ ሞልቶ ቀይ ሆኗል። ከድልድዩ በታች ሃያ የሚሆኑ ወንዶች ዳርና ዳር ቆመው ገመድ ይዘዋል፤ ረጃጅም ቀርከሃ ይዘው ውሃውን ይወጋሉ። አንዱ የተነፋ የመኪና ጎማ ታቅፎ መሀል ገብቷል፤ ከዳር በገመድ ይዘውታል።

«እማ! ዓሣ እያጠመዱ ነው! ነይ እይ!»

እናቴ በጋሽ ሂርጳ ላይ ተንጠራርታ አየች። «ውይ! ለአንድ ዓሣ ይሄ ሁሉ ወንድ? ምን ቢያክል ነው?» አለችና ሳቀች። ከዚያ እንደ ባላገር ወግ እጇን በመስኮት አውጥታ «ይቅናችሁ!» ብላ ጮኸች። «ይቅናችሁ ልጆቼ!»

አንዱ ሰውዬ ቀና ብሎ አየን። አልመለሰላትም። አውቶብሱ ውስጥም የሳቀ የለም። ሾፌሩ ድልድዩን እስኪጨርስ ባርኔጣውን አውልቆ ጭኑ ላይ አስቀመጠ። ሞቆት መሰለኝ።

አሶሳ ስንደርስ የጋሽ ሂርጳ ግቢ በሴት ተሞልቷል። ስንገባ ወሬው እንደተቆረጠ ክር ቀጥ አለ። እትዬ ብርሃን ወጥታ እናቴን አቀፈቻት፤ አቅፋ መልቀቅ እምቢ አላት።

«ዓይንሽ ምን ሆነ?» አለቻት እናቴ።

«ጭስ ነው እታለም፤ እንጨቱ እርጥብ ነው።»

«ቶሌራስ?»

«ልምምድ ላይ ናቸው» አለ ጋሽ ሂርጳ ቶሎ ብሎ። «ለምርቃቱ ሰልፍ ይለማመዳሉ። ከግቢ አያስወጧቸውም። ነገ ጠዋት... ነገ ጠዋት ነው።»

ምሳ ቀረበ። እናቴ አልነካም አለች። ትናንት ስትጾም ውላ ማታ በደስታ አንድ ጉርሻ ነው የቀመሰችው፤ ዛሬ ደግሞ ስምንት ሰዓት አልፏል። ጋሽ ሂርጳ ለመናት። እትዬ ብርሃን ለመነቻት። አንዲት የማላውቃት አሮጊት መጥታ ለመነቻት።

«ምን ሆናችሁ ነው እንደ ሕፃን የምትለምኑኝ?» አለች እናቴ። «ልጄ ዓሣ ነው ያለኝ። ለምርቃቱ ዓሣ ነው የምበላው። ሽሮ ቤቴ ሞልቷል።»

«ዓሣ ይቅርብሽ እታለም፤ ሌላ የፈለግሽውን» አለ ጋሽ ሂርጳ።

«በዚያ ላይ በሰኔ ጾም ዓሣ አይበላም ይላሉ» አለች እትዬ ብርሃን።

«ይላሉ! አንቺ ደግሞ ሰኔን መቼ ጾመሽ ታውቂያለሽ?»

ሌላ ጊዜ ቢሆን እትዬ ብርሃን ትስቅ ነበር። ያን ቀን ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። እኔ ደግሞ ድልድዩ ላይ ያየኋቸው ሰዎች ከዓይኔ አልወጣ ብለው «ዓሣ! ዓሣ!» እያልኩ ቀሚሷን እጎትታለሁ። እናቴ «አያችሁ? ሁለት ለሁለት ነን» አለች። ጋሽ ሂርጳ ባርኔጣውን አነሳ። እንድትበላ ነበር የፈለገው፤ የምትበላው ያ ብቻ ከሆነ ምን ያድርግ?

መጀመሪያ የገባነው መናኸሪያው አጠገብ ያለ ሆቴል ነው። ወንበሩ ጎማ የለበሰ፣ ጠረጴዛው ላይ የላስቲክ አበባ ያለበት። እኔ እዚያው ልሞት ደርሼ ነበር፤ እንደዚያ ያለ ቤት አይቼ አላውቅም። ጋሽ ሂርጳ ሳይቀመጥ አስተናጋጇን ጠየቃት።

«ዓሣው ከየት ነው?»

«ከየት ይመጣል ጋሼ፣ ከዳቡስ ነዋ!»

«እንሂድ» አለን። «እዚህ ጠረኑ አይመችም።»

ሁለተኛው ቤት አቶ ሌንጂሳ የሚባል ወፍራም ሰውዬ ቤት ነው። ዓሦቹን በአፋቸው ገመድ አሳልፎ በር ላይ ሰቅሏቸዋል። አንዱን በጣቱ መታ መታ አደረገና «እየው፣ ጠዋት የወጣ ነው! የዳቡስ ንጉሥ!» አለ።

«የፊንጫ የለህም?»

«የፊንጫ?» አቶ ሌንጂሳ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ጋሼ፣ ወንዙ አፍንጫችን ሥር እያለ አገር አቋርጬ ፊንጫ ልውረድ?»

ጋሽ ሂርጳ ጥሎት ወጣ። እናቴ ከኋላው እየሮጠች «አንተ ምን ነካህ? ዓሣ ከዳቡስ ሆነ ከፊንጫ ምን ለየው? ውሃ እንደሆነ ውሃ ነው!» ትላለች። እሱ ወደፊት ይሄዳል። ዝናቡ ቀዩን መሬት አላቁጦታል፤ አዲሱ ቀሚሴ ጫፉ ተበላሸ። እኔ በልቤ ጋሽ ሂርጳን አደነቅሁት። ዓሣ አዋቂ መሰለኝ። ሀብታም ሰው እንዲህ ነው የሚያማርጥ፣ ለቶሌራ ምርቃት ከዓሣም ዓሣ ሊመርጥ ነው አልኩ።

ያን ጊዜ አሶሳ የሚበላው ዓሣ ሁሉ የዳቡስ መሆኑን እሱም ልቡ ያውቀው ነበር። ውሃ ከበላው ስድስት ቀን የሆነው ልጅ ገና አልተገኘም። እናቱን ከዚያው ውሃ በወጣ ዓሣ ላለማብላት ነበር በየበሩ የሚጠይቀው።

ሦስተኛውን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ከማንጎ ዛፍ ሥር ያለ፣ ግድግዳው የቀርከሃ የሆነ ዝቅ ያለ ቤት ነው። የዘይቱ ሽታ መንገድ ድረስ ወጥቶ ያዘኝ። «እዚህ! ሌላ አልሄድም!» ብዬ ጭቃው ላይ ቆምኩ። ያኔም ግትር ነበርኩ።

«እሷ ትምረጥ» አለች እናቴ። «ወንድሟ የጋበዘው እሷን ነው።»

ጋሽ ሂርጳ «ቆዩ» ብሎን ብቻውን ገባ። በቀርከሃው ክፍተት አየሁት። ዓሣ የምትጠብሰውን ሴት ሁለት እጆቿን ይዞ ያወራታል። ሴትየዋ የለበሰችውን የሱዳን ቶብ ጫፍ ወደ አፏ ወሰደች። ከዚያ ወጣና «የፊንጫ ነው። ግቡ» አለን።

ሴትየዋ ሲትና ትባላለች። የበርታ ሴት ናት፤ አማርኛን በኋላ የለመደችው ስለሆነ ሁላችንንም በወንድ ነው የምትጠራን። ያን ቀን ጋሽ ሂርጳ ምን እንዳላት ከስንት ዓመት በኋላ ራሷ ነገረችኝ። «ያ ዳቡስ የበላው ልጅ እናት ናት። አታውቅም። ዓሣው ከየት ነው ካለችሽ ከፊንጫ በያት» ነው ያላት። ሲትና ፊንጫ ምን እንደሆነ እንኳ አታውቅም ነበር።

«ና ግባ እናት፣ ተቀመጥ» አለቻት እናቴን። ወደ እኔ ዞራ «አንተስ? ዓሣ ትወዳለህ?» ስትለኝ ሳቄ አመለጠኝ።

ዓሣው መጣ። ሙሉውን ከነጭንቅላቱ ተጠብሶ፣ ጎኑ በቢላ ተተልትሎ፣ በትሪ ሙሉ። አዋዜ አለ፤ ለሁለት የተከፈለ ሎሚ አለ። ቆዳው ገና ይንጣጣል። ምራቄን ዋጥኩ። ቤታችን ውስጥ ትልቅ ሳይጀምር ልጅ እጁን አይሰድም፤ ስለዚህ የእናቴን እጅ አያለሁ። እጇ ጭኗ ላይ ነው።

«ብዪ እንጂ እታለም» አለ ጋሽ ሂርጳ።

«ቶሌራ ይምጣ።»

«ነገ ነው የሚመጣው አልኩሽ።»

«እንግዲያው ሰው ላክበት። አንድ ጉርሻ ጎርሶ ይመለስ። ተመራቂው ሳይኖር ማዕድ ይቆረሳል እንዴ? ምን ማለትህ ነው?»

«አይለቋቸውም።»

«ለእናቱ እንዴት አይለቁትም? እኔ እሄዳለሁ።» ተነሳች።

እትዬ ብርሃን ቀሚሷን ያዘቻት። ሲትና ከምድጃው ዞረች። «እናት፣ ብላ። ዓሣ ሲበርድ አይሆንም። ዘንድሮ ዓሣ የለም፤ ዳቡስ ከፍቷል፣ ሰዉ ሁሉ ውሃው ላይ—» ብላ አፏን ያዘች። ጋሽ ሂርጳ የውሃውን ብርጭቆ በክርኑ ደፋው። ስንጠርግ፣ ስንጠራርግ ነገሩ ተረሳ።

እጄን ሊያስታጥበኝ ወደ ውጭ ወሰደኝ። ጆሮዬ ሥር ጎንበስ አለ። ውሃውን ግማሹን ጫማዬ ላይ አፈሰሰው።

«ኢልሊ፣ አንቺን ትሰማለች። እናትሽ ካልበላች ትታመማለች። አብያት። እንዴትም አድርገሽ አብያት።»

ተመልሼ ቀርከሃው ሥር ተቀመጥኩ። የዓሣው ቆዳ መንጣጣቱን አቁሟል። ዘይቱ ጥግ ጥጉን መርጋት ጀምሯል። ከነገ ምርቃት፣ ከእናቴ መታመም፣ ከጋሽ ሂርጳ ልመና ሁሉ ይልቅ ያ የሚረጋው ዘይት ነው ያንገበገበኝ። እውነቱ ይኼ ነው። በክፍተቱ ወደ መንገድ አጮለቅሁ። መንገዱ ላይ አንዲት አህያ ነበረች። ሌላ ምንም አልነበረም።

«እማ! ቶሌራ!» ብዬ ጮህኩ። «አየሁት! አለፈ!»

እናቴ ብድግ አለች። «የታል?»

«አለፈ። ከጓደኞቹ ጋር ተሰልፎ ነው፤ መቆም አይችልም። ሰማያዊ ሸሚዝ ለብሷል። አይቶኝ ሳቀ። በእጁ እንዲህ አለኝ» ብዬ እጄን ወደ አፌ ወሰድኩ። «ብሉ ነው ያለኝ። እኔን አትጠብቁ ብሉ።»

የጋሽ ሂርጳን ፊት አሁንም አየዋለሁ። ሰው ሲሞት ካልሆነ ፊቱ እንዲያ አይሆንም። እትዬ ብርሃን «በስመ አብ» ብላ አማተበች።

እናቴ ግን ቁጭ አለች። መላ ሰውነቷ ነው የሳቀው። «ሸሚዝ ገዛ? እኔ ልጅ!» አለች። «ታዲያ ምን እንጠብቃለን? ባርኮ ሰጠን እኮ!» እጅጌዋን ሰበሰበች።

እናቴ እንደዚያ ስትበላ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም። አጥንቱን መጠጠች። የጭንቅላቱን ጉንጭ ፈልቅቃ ለእኔ አጎረሰችኝ። ለጋሽ ሂርጳ ትልቅ ጉርሻ ጠቀለለችለት፤ «እኔ...» ሲል «የእህትህን እጅ ልትመልስ ነው?» አለችው። ዓይኑን ጨፍኖ ዋጠው። እስኪሞት ድረስ ሁለተኛ ዓሣ እቤቱ አላስገባም። እትዬ ብርሃን ወጣች፤ ከማንጎው ሥር ስታስመልስ ይሰማኛል።

«አርግዛ ይሆን እንዴ?» አለች እናቴ በሹክሹክታ፣ ደስ ብሏት።

መጨረሻ ላይ ከሁሉ የወፈረውን ቁራጭ መርጣ ከሲትና ወረቀት ለምና ጠቀለለችው። «የቶሌራ ነው» አለች። ስንወጣ ጋሽ ሂርጳ ግንባሬን ሳመኝ። «ተባረኪ፣ አሳረፍሽኝ» አለኝ። ቤት ስለመረጥኩ መስሎኝ ኮራሁ።

ጎህ ሊቀድ ሲል ቀሰቀሱን። ቤቱ በሰው ሞልቷል፤ ሴቶቹ ሁሉ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። አባ ዲሳሳ የሚባሉ ሽማግሌ ከፊት ቆመዋል። እናቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ተራ በተራ አየቻቸው። የወረቀቱ ጥቅል ራስጌዋ ነው።

«ማናለብሽ ልጄ» አሉ አባ ዲሳሳ፣ «የሰጠም እሱ፣ የነሳም እሱ። ቶሌራን ዳቡስ ወስዶታል። ከጓደኞቹ ጋር ሊዋኝ ገብቶ በዚያው ቀረ። ዛሬ ሰባተኛ ቀኑ ነው። አስከሬኑም እስካሁን...»

ቤቱ በአንድ ጊዜ ጮኸ። ሴቶቹ ደረታቸውን መቱ። እኔ የእትዬ ብርሃን ቀሚስ ውስጥ ገባሁ። እናቴ ግን አልጮኸችም። እጇን አነሳች፤ ጩኸቱ ቀስ በቀስ ቆመ።

«መቼ ነው ያላችሁኝ?»

«ባለፈው ዓርብ።»

«ባለፈው ዓርብ!» ፈገግ አለች። ፈገግ ነው ያለችው። «አባቴ፣ ተሳስተዋል። የሌላ ሰው ልጅ ነው፤ የእናቱን ልብ ይጠብቅላት። የእኔን ልጅ ትናንት እህቱ አይታዋለች።»

ከእትዬ ብርሃን ቀሚስ ውስጥ ጎትታ አወጣችኝ። ጉንጮቼን በሁለት እጇ ያዘቻቸው። እጇ ዓሣ ዓሣ ይሸታል።

«ኢልሊ ኮ፣ የእኔ ኢልሊ። አይተሽዋል አይደል?»

ቤቱ ሙሉ ሰው እኔን ያያል። ጋሽ ሂርጳ ከጥግ ቆሞ በዓይኑ ይለምነኛል፤ የቱን እንደሚለምነኝ ግን አላወቅሁም። ትናንት አብያት ያለኝ እሱ ነው፤ ተባረኪ ያለኝም እሱ ነው። ዋሽቼ ነው ብል ወንድሜን በአፌ የምገድለው መሰለኝ። ካየሁት ደግሞ የሚኖር መሰለኝ።

«አይቼዋለሁ» አልኩ።

«ምን ለብሶ?»

«ሰማያዊ ሸሚዝ።»

«ሰማችሁ?» አለቻቸው እናቴ። ነጠላዋን አስተካክላ ተነሳች። «ቶሌራ ሲመጣ እንዳይርበው እሳት አንድዱ።»

ያለቀሰላት ሁሉ ለከንቱ አለቀሰ። አስከሬን የለ፤ ዳቡስ የያዘውን አልመለሰም። ስለዚህ በእናቴ ቤት ከሃያው ወንድ ገመድና ከሽማግሌው ቃል ይልቅ የእኔ ምስክርነት በለጠ። ከል አልለበሰችም። አርባም ተዝካርም አላወጣችም። ጋሽ ሂርጳ እግሯ ላይ ወድቆ «ልጅቷ አንቺን ልታበላ ብላ ነው» አላት፤ «ልጄን ውሸታም አትበልብኝ» ብላ ሁለት ዓመት አኮረፈችው። ወደ መንደራችንም አልመለስም አለች። የታየበትን ቦታ ትታ እንዴት ትሂድ? ሲትና በር ላይ፣ ማንጎው ሥር፣ መንገዱን እያየች ትቀመጥ ጀመር። ወደ ኩርሙክ የሚያልፈውን ነጋዴ ሁሉ «ሰማያዊ ሸሚዝ የለበሰ መምህር ሱዳን በኩል አላያችሁም?» ትላለች። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቀረ። ሲትና «አንተ ና፣ ዓሣ ጥረግ» አለችኝ፤ ቅርፊት በመግፈፍ ጀመርኩ። እሷ ስታርፍ ምድጃው ለእኔ ቀረ። አሁን ግድግዳው ብሎኬት ነው፤ በሩ ላይ ባጃጅ ይሰለፋል። ዓሣው ከየት ነው ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ሲመጣ ዛሬም እጄ ላይ ያለው ቢላ ይቆማል።

ልነግራት ሳልፈልግ ቀርቼ አይደለም። አሥራ አራት ዓመቴ ላይ ሞክሬ ነበር። «እማ፣ ያን ቀን...» ስል «አዎ፣ ያን ቀን» ብላ ፊቷ በራ። «ሳቀ ነው ያልሽኝ አይደል? ጥርሱ ታየሽ?» ታየኝ አልኳት። ሃያ ሁለት ዓመቴ ላይ፣ ልጄን የወለድኩ ጊዜም ሞከርኩ። ያኔ ደግሞ ጫማውን ጨመርኩበት። እንዲህ እያልን፣ በሠላሳ ዓመት ውስጥ ወንድሜን ከራስ ፀጉሩ እስከ ጫማው አለበስኩት።

አምና ሰኔ እናቴ ታመመች። አልጋ ያዘች፤ ከዚያ ሻል አላትና ተደግፋ ወጥታ ማንጎው ሥር ተቀመጠች። እጄን ይዛ «ኢልሊ፣ አደራ አለብሽ» አለችኝ። «ስሞት ቶሌራ ሳይመጣ እንዳትቀብሪኝ። አፈር የሚያለብሰኝ እሱ ነው። የፈለገ ቀን ቢፈጅ እንዳታስነኪኝ።»

ይቺን ቃል መሸከም አልቻልኩም። እኔ ግትር ነኝ፤ ብዙ ተሸክሜያለሁ። እሷን ሳልቀብር እንድጠብቅ፣ በአህያ ምክንያት፣ በረጋ ዘይት ምክንያት...

«እማ» አልኳት። «የምነግርሽ ነገር አለኝ።»

አየችኝ። ዓይኗ በሞራ የተጋረደ ነው፤ ግን አየችኝ። ከዚያ ፊቷን ወደ ምድጃው መለሰች።

«ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም» አለች። «አብዪኝ።»

ገባኝ። ተነስቼ ገባሁና ዘይት ጣድኩ። ከሁሉ ትልቁን መረጥኩ፣ ጎኑን ተለተልኩት። እስኪቀላ ጠበስኩት። ትሪውን ይዤ እግሯ ሥር ተቀመጥኩና አጥንቱን በጣቴ እየለቀምኩ አጎረስኳት። ጥርስ የላትም፤ ቀስ ብላ ታላምጣለች።

«ዓሣው ከየት ነው?» አለች በመሀል።

እጄ አየር ላይ ቀረ። «ከዳቡስ ነው እማ።»

አላመጠችው። ዋጠችው። አፏን ደግማ ከፈተች። አንድም ሳታስተርፍ በላች፤ ያኔ ለቶሌራ እንዳደረገችው ቁራጭ አላስቀረችም። እጇን አስታጠብኳት። ከዚያ ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ ጥለቱን በጣቷ እየዳበሰች ፈለገችው፤ አዘቅዝቃ ለበሰችው።

«በይ፣ አሁን በልቻለሁ» አለች። «አርጂኝ።»